ቁም ቢሉ የማትቆም ሳይክል

እኛ አገር መንገድ የሚወጣው በምክንያት ነው። ገበያ ይሆናል፣ ለቅሶ ይሆናል፣ ወፍጮ፣ ክርስትና፣ ጠበል ወይም ፍርድ ቤት ይሆናል፤ ብቻ አንድ ነገር መሆን አለበት። ላስታ ውስጥ መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሰው ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቆ ሳይጨርስ «ወዴት ነው ታዲያ?» ይላችኋል። ክፋት አይደለም። ለቅሶ ከሆነ አብሯችሁ ያዝናል፣ ጠበል ከሆነ «ይማራችሁ» ይላል፣ ገበያ ከሆነ ደግሞ «እግረ መንገዳችሁን» ብሎ መልእክት ይልክባችኋል። «የትም፤ እንዲያው ዝም ብዬ ነው» ያላችሁት እንደሆነ ግን ምርቃቱ አፉ ላይ ይደርቃል። አንዴ እናንተን ያያል፣ አንዴ የመጣችሁበትን ያያል፣ ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ይፈረድበታል? በሬ ካልጠመዱት ይተኛል፤ አህያም ካልጫኗት ትቆማለች። ጉዳይ ሳይኖረው አቀበት የሚወጣ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ።

እኔ አላበድኩም፤ የደበቅሁትም አልነበረም። ሳይክል ነበር የምነዳው።

ጊዜው ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ያስቆጠረበት፣ ስብሰባና ግምገማ እንደ ሐምሌ ዝናብ ሳያባራ የሚወርድበት ዘመን ነው። እኔ ላሊበላ ሂሳብ አስተምር ነበር። አስተማሪ በዚያ ዘመን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪ ይገመግማል፣ ቅዳሜ ደግሞ ራሱ ይገመገማል። ስብሰባ የሌለበት ቅዳሜ የተገኘ እንደሆነ ከሰማይ የወረደ መና ነውና፣ ሰው ሁሉ እንቅልፉን ሲጠግብ እኔ ጎህ ሳይቀድ እነሣና ሳይክሌን ከጓዳ አወጣለሁ።

ሳይክሏ የመጣችልኝ በባለቤቴ በትርንጎ ወንድም በኩል ነው። ደሳለ ይባላል፤ አስጎብኚ ነው። አንድ ዓመት ከገና በኋላ ቀጭን ረጅም ፈረንጅ ይዞ ሰነበተ። ፈረንጁ ይህችን ሳይክል ከአገሩ ድረስ ፈታትቶ አምጥቶ፣ እዚህ ገጣጥሞ፣ ጠዋት ጠዋት በብርድ ይነዳት ነበር። ሊሄድ ሲል ጉልበቱን አመመውና ደሳለን ሳይክሏን አስታቅፎት በአውሮፕላን ተሳፈረ። ደሳለ በደስታ ዘሎ ወጣባትና ከሆቴሉ በር ቁልቁል ለቀቃት። መሐል ላይ፣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ፔዳሉን አቁሞ እግሩን ሊያሳርፍ ቢል ፔዳሉ አልቆም አለው። እሱ ሲያቆም እሷ ስታዞር፣ እሱ ሲታገል እሷ ስትታገል፣ በመጨረሻ አሽቀንጥራ ቁልቋል ውስጥ ወረወረችው። እሾሁ ከገላው ተለቅሞ ሳያልቅ ሳይክሏን እየጎተተ እኛ ቤት መጣና «ጋኔን አለባት፤ አንተ የተማርክ ነህ፣ ትግባቡ ይሆናል» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ጋኔን አልነበረባትም። ማርሽም፣ ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ለብቻው የሚዞርበት ዘዴም ነው የሌላት። ያለቻት አንዲት ባለጥርስ ክብ ከኋላ ጎማዋ ጋር የተቆራኘች ናት። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፔዳሉ ከዞረ እግራችሁ ይዞራል። ሌላ ሳይክል ቁልቁለት ላይ እንደ ደግ በቅሎ ዝም ብሎ ይሸከማችኋል። ይህች ግን ቁልቁለትም ቢሆን አብራችሁ ካልሠራችሁ አትወርድም። ለማቆም እግርን ወደኋላ መግፋት ነው፤ ያ ካልበቃ ከመሪዋ ላይ አንዲት የእጅ ፍሬን አለቻት። በቃ።

ወደድኳት። ለምን እንደወደድኳት ብዙ ጊዜ ተጠይቄ በቅጡ መልሼ አላውቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሜዳው ላይ አመዳይ እንደ ጨው ተበትኖ ሲያድር፣ ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ እስትንፋሴ ከፊቴ እንደ ጢስ ሲወጣ፣ እግሬ ደግሞ እረፍ የሚለው አጥቶ ሲዞር፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከውስጥ የሚነሣ ሙቀት አለ። የምድጃ ሙቀት አይደለም፤ ራሳችሁ ያነደዳችሁት ነው። በዚያ ሰዓት ቃለ ጉባኤ የለም፣ ያልታረመ ደብተር የለም፣ «መምህር፣ አልገባኝም» የሚል የለም። ትርንጎ ግን «ብርዱ አንጎልህን ይመታውና አንድ ቀን ታየዋለህ» ትለኛለች። እንዲህ እያለችም ፎጣውን ራሷ አንገቴ ላይ ትጠመጥምልኛለች።

እንግዲህ ያቺ ቅዳሜ። ብርዱ ከሌላው ቀን ሁሉ የባሰ ነበር። ጓንት የለኝም። መሪውን የጨበጡ ጣቶቼ ባለፈው ሳምንት ደንዝዘው ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ስለነበር፣ ዘዴ አመጣሁ፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እጄ ላይ አጠለቅሁ። ፎጣውን ደግሞ በችኮላ ከአንገቴ አንሥቼ ከዓይኔ በስተቀር ፊቴን ሁሉ ጠመጠምኩና ወደ ብልባላ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ወጣሁ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነውና አገሩ ሁሉ፣ ከነአህያው ከነጭነቱ፣ ወደ ከተማ ይመጣል። ከከተማ ወደ ውጭ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ። ፊቱን የሸፈነ፣ እጁን የሸፈነ፣ ከሰው ተቃራኒ የሚሄድ ሰው። አሁን ሳወራላችሁ ራሴው እጠረጥረዋለሁ።

የማላውቀው ነገር ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በዚያው አካባቢ ሁለት በቅሎዎች ከበረት ተሰርቀዋል። ቀበሌው ሚሊሻውን ጠርቶ «ፀጉረ ልውጥ ካያችሁ አስቁሙ፤ ቁም ተብሎ ካልቆመ እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ አዟል። ከአንድ ረጅም ቁልቁለት ግርጌ፣ መንገዱ በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ ሁልጊዜ ባዶ ከነበረው ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። በኋላ እንዳወቅሁት ስማቸው አያ ሲሳይ ነው።

እኔ ያየኋቸው የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ነው። ብድግ አሉ።

«ቁም!» አሉ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ መቆም ፈልጌአለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መቆም የፈለግሁበት ጊዜ የለም። እግሬን ወደኋላ ገፋሁ፤ ጎማው አመዳዩ ላይ ተንሸራቶ ሊጥለኝ ሆነ፣ ለቀቅሁ። ፍሬኗን ልጨብጥ አልኩ፤ ካልሲው እንደ ሳሙና ሙልጭ አለ። እግሬ የኔ መሆኑን ትቶ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገፈገፋል።

«ቁም አልኩህ!»

«ልቆም ነው! እየቆምኩ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ፎጣው አፌ ላይ ነውና ለሳቸው የደረሳቸው «እምምም» የሚል ነገር ነው። በምልክት ላስረዳ ብዬ አንድ እጄን አነሣሁ። በካልሲ የተሸፈነ ጡጫ ታያቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ የተተረተ ይመስል፣ በችኮላ የጠመጠምኩት ፎጣ ተላልቶ አንድ ዓይኔን ሸፈነው። በዚህ ሁኔታ፣ በአንድ ዓይንና በአንድ እጅ፣ በሳቸው ፊት ውልብ ብዬ አለፍኩ።

ከኋላዬ ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማሁ።

ያንን ድምፅ በጀርባው ሰምቶ የማያውቅ ሰው አይስማው። አጭር ነው፤ እንደ በር መቀርቀሪያ። ጀርባዬ ሰፋብኝ። ኩርምት ብሎ የሚጠፋ ጀርባ ቢኖረኝ ተመኘሁ። ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ነፍሱ ያስባል ይላሉ፤ እኔ ያሰብኩት ትርንጎን ነው፤ እሷንም በወጉ አይደለም፣ «ነግሬው ነበር» ስትል ነው። ከመንገዱ በታች የገብስ አውድማ አየሁ፤ አውድማው ዳር ደግሞ የጭድ ክምር። መሪውን ጠመዘዝኩት። የመንገዱን ዳር ቦይ እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። ጭዱ ዋጠኝ።

ፀጥ አለ። ሳይክሏ ከጎኔ ተጋድማ፣ ጎማው ፔዳሉን፣ ፔዳሉ ጎማውን እያዞሩ ጥቂት ቆዩና ቆሙ። ከዚያ የጫማ ኮቴና የሰው ማለክለክ መጣ።

«አትነቃነቅ!»

«አልነቃነቅም፣ አባቴ።»

«አሁንማ ቆምክ!» አሉ አያ ሲሳይ፤ አፈሙዙ ወደኔ ነው። «ጨርቁን ከፊትህ አንሣ። እጅህን አሳየኝ። ይኸ ምንድን ነው?»

«ካልሲ ነው።»

«ካልሲ እጅ ላይ?»

«ብርዱ ጠንክሮብኝ ነው፣ አባቴ።»

«ከወዴት ነው?»

«ከላሊበላ። አስተማሪ ነኝ።»

«ወዴት ነው?»

ይኸውና መጣ። አንድ ቦታ ብናገር ምን ነበረበት? ብልባላ ዘመድ አለኝ ብል፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ልሳለም ብል፣ ሽማግሌው ጠመንጃቸውን አንግተው መርቀው በሸኙኝ ነበር። የሂሳብ አስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ትክክለኛውን መልስ ሰጠሁ።

«የትም» አልኩ።

«ቅዳሜ ቀን፣ ገበያውን ጥለህ፣ በዚህ ብርድ፣ ወደ የትም» አሉ ቀስ ብለው። «ተነሥ፤ ቀበሌ ትናገራለህ።»

ሳይክሌን እየገፋሁ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነን ስንሄድ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አየን። ያየውንም ይዞ ወደ ላሊበላ ወረደ። ወሬ ከአህያ ይፈጥናል፤ ሲደርስም በጭነቱ ላይ ጨምሮ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት ነው፤ ከሥልጠና የተመለሰ፣ ኮቱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ፣ ነገርን በጽሑፍ ካልሆነ የማያምን። ወረቀት አወጣ፣ አሰመረ።

«የጉዞው መነሻ?»

«ላሊበላ።»

«መድረሻ?»

«ላሊበላ።»

ቀና አለ። «በመሐሉስ?»

«በመሐሉ መንዳት ነው።»

«የጉዞው ዓላማ?»

«ዓላማ እንኳ የለውም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«መምህር፣ ዓላማ የሌለው እንቅስቃሴ የለም» አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይህን ለእርስዎ መንገር አልነበረብኝም። ቁም ሲባሉስ ለምን አልቆሙም?»

ስለ ፔዳሉ አስረዳሁት። ፔዳሏ አይቆምም አልኩ። «እኔ ወልድያ ስማር ሳይክል ነድቻለሁ፤ ፔዳሉ የማይቆም ሳይክል አላየሁም» አለ። ሰሌዳ ቢኖር ሥዬ ባሳየሁት ነበር። ላቤ ቀዝቅዞ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆኗል። ሊቀመንበሩ ወረዳ ስለመላክ ሲያወራ፣ ወረዳው ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ስለሆነ እስከ ሰኞ እዚሁ ስለማደር ሲያወራ ሰማሁ።

አያ ሲሳይ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ላይ ተደግፎ የቆመው ሳይክል ጋ ሄዱ። ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጎንበስ ብለው የኋላ ጎማውን በአንድ እጃቸው አነሡት፤ በሌላው እጅ ፔዳሉን ወደፊት አዞሩት፣ ጎማው ወደፊት ዞረ። ወደኋላ አዞሩት፣ ጎማው ወደኋላ ዞረ። ከዚያ ጎማውን በኃይል አሽከረከሩትና ፔዳሉን በመዳፋቸው ሊይዙ ሲሉ መዳፋቸውን መታቸው። እጃቸውን አራገፉ።

«ሊቀመንበር» አሉ፣ «እውነቱን ነው። ይህች ከጀመረች የምታስቆም አይደለችም። እግሩን ሰብራ ትጥለው ነበር።»

«ታዲያ ዓላማው?»

«ዓላማውን ተወው። በቅሎ ሰርቆ በሳይክል የሚሸሽ ሌባ የት አየህ? በቅሎዋ ላይ አይቀመጥም?»

ሊቀመንበሩ የሚያስቀውን ነገር ሊስቅበት ፈለገ መሰለኝ፤ ወረቀቱ ግን ከፊቱ ነበር፣ መስመሩም ባዶ ነበር። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አነሣና «ዓላማ» በሚለው ፊት ለፊት «ብርድ ለመከላከል» ብሎ ጻፈ። ደጋግሞ አነበበው፤ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። «ሂዱ መምህር፤ ፊትዎን ግን አይሸፍኑ» ብሎ ጨበጠኝ።

አያ ሲሳይ እስከዚያ ድንጋያቸው ድረስ ሸኙኝ። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አወጡና ዘገኑልኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ስለነበር ማኘክ አልቸገረኝም። የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ መጠየቁን ፈራሁ፤ ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ ጠመንጃውን ሲያቀባብሉ ሰምቻለሁ። ለምን አልተኮሱም?»

ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው እየተቀመጡ፣ «የሚሸሽ ሰው ዞሮ ያያል» አሉ። «ሌባ ካለፈኝ በኋላ ሁለት ጊዜ ሳይገላመጥ አይሄድም። አንተ አንድ ጊዜ ብትዞር ኖሮ፣ ጣቴ ያለበትን እኔ አውቃለሁ። አልዞርክም። ሐቅ ያለው ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ሐቅ ያለው ሰው ጀርባውን ይሰጣል።»

እጃቸውን ሳምኩና ሄድኩ።

ፀሐይዋ ወጥታ አመዳዩ ሁሉ ቀልጧል፤ መንገዱ ይተናል። አልተቀመጥኩባትም፤ ሳይክሏን እየገፋሁ በእግሬ ነው የሄድኩት። መሄድ ብቻውን እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ድንጋዩም፣ ግራሩም፣ የቁራው ጩኸትም፣ ሁሉም ዘመድ ዘመድ ይለኛል። ከተማው ሊታይ ትንሽ ሲቀረው ከፊቴ አንዲት ሴት ከደሳለ ጋር ስትሮጥ አየሁ። ነጠላዋ አንድ ትከሻዋ ላይ ብቻ ቀርቷል፤ እግሯ ላይ የኔን የወንድ ጫማ አድርጋለች። ትርንጎ ናት።

ገበያ ላይ ሽንኩርት እየመረጠች ነው የሰማችው። አንደኛው «መምህሩን ሚሊሻ ያዘው» ብሎ አለፈ። ሁለተኛው «ተኩሰውበት ጭድ ውስጥ ገባ» አለ። ሦስተኛዋ ደረቷን እየመታች «በቅሎ ሲሰርቅ ሞተ አሉ፣ ያንን የመሰለ ሰው» አለች። ትርንጎ እቃዋን ቤት ጣል አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋ ለጠጠር አይሆንም ብላ በሩ ላይ ያገኘችውን የኔን ጫማ አጥልቃ፣ ደሳለን አስከትላ ወጣች።

እኔ ጋ ስትደርስ አላቀፈችኝም። ራሴን ዳበሰች፣ ትከሻዬን ዳበሰች፣ ወደ ጀርባዬ ዞራ ኮቴን ገልባ አየች። ጭድ ብቻ ነው ያገኘችው።

«አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«አልተመታህም?»

«አልተመታሁም።»

«በቅሎ ሰረቅህ?»

«ኧረ ትርንጎ!»

መንገዱ ዳር ቁጭ አለችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ደሳለ ሳይክሏን ከእጄ ተቀብሎ፣ እንደ ተናካሽ ፈረስ አራቅ አድርጎ እየያዘ፣ «እኔ ይህችን ነገር ከቁልቋሉ ሳላወጣት በቀረሁ» ይላል። ትርንጎ ለቅሶዋ ሲወጣላት ተነሣች፤ ጭዱን ከፀጉሬ እየለቀመች «በል ንገረኝ፤ አንድም ሳታስቀር» አለችኝ። እየሄድን ነገርኳት። የሊቀመንበሩን ወረቀት ስነግራት ፈገግ አለች። አያ ሲሳይ ያሉትን ስነግራት ቆመች።

«ሳልዋሽህ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለች። «አንተስ እንዴት አስቻለህ? ከኋላህ ጠመንጃ ተቀባብሎ፣ እንዴት አንዴ እንኳ ዞር አላልክም?»

ደሳለን አየሁት፤ ሳይክሏን ይዞ ራቅ ብሏል።

«ፈርቼ» አልኳት። «አንገቴ አልዞር አለኝ።»

ትርንጎ ሳቀች። የኔ ጫማ ከእግሯ እስኪወልቅ ድረስ፣ ገበያተኛው ቆሞ እስኪያየን ድረስ ሳቀች፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የቆመው ድንጋይ ያን ጊዜ ነው የወረደልኝ። ፍርሃት ክፉ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሰውን ያዋርዳል ሲሉም ሰምቻለሁ። ይበሉ። እኔን አንድ ቀን ሐቀኛ አድርጎ አስቆጥሮኛል፤ አያ ሲሳይም እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለዚያ ጀርባዬ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።